ምስጢራዊዎቹ የወርቅ ከተሞች፦ በልጅነት የታየ ፊልም በአዋቂነት ሲደገም

ተረት ከሰሚው ጋር ያድጋል። አያት ትናንት የተረቱትን ዛሬ ሲደግሙት፣ ሕፃኑ የፈራበትን ቦታ ያለዝቡታል፤ የሳቀበትን ያረዝሙታል፤ ልጁ ከፍ ሲል ደግሞ ትናንት የዘለሉትን ክፉ ነገር ይጨምሩበታል። አንድ ተረት አሥር ጊዜ ቢነገር አሥር መልክ አለው። በፊልም የተቀረጸ ታሪክ ግን ለሰሚው ብሎ አይለዝብም፤ አይረዝምም። ቃሉም ምስሉም በተሠራበት ቀን እንደነበረ ይቀመጣል። ከሠላሳ ወይም ከአርባ ዓመት በኋላ ተከፍቶ ሲታይ የተለወጠ ነገር ካለ፣ የተለወጠው ተመልካቹ ነው።

በልጅነት የተወደደ ተከታታይ ፊልምን በአዋቂነት መልሶ ማየት ከጊዜ ማሳለፊያነት የሚያልፍ ፋይዳ ያለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በወንዝ ዳር የተተከለ ችካል ውኃው ምን ያህል እንደሞላ ወይም እንደጎደለ እንደሚያሳይ ሁሉ፣ ያልተለወጠው ፊልም የሰውን የአእምሮ ጉዞ ይለካል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ፈረንሳይና ጃፓን በጋራ የሠሩት፣ በብዙ አገሮች የአንድ ትውልድ ልጆች ትዝታ ሆኖ የቀረው "ምስጢራዊዎቹ የወርቅ ከተሞች" የተሰኘው የካርቱን ፊልም ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከወርቁ ጀርባ ያለው እውነተኛ ታሪክ እስከ ኢትዮጵያ ገበሬ ማሳና እስከ ኢትዮጵያዊት እናት ጓዳ ይዘልቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ በአጭሩ

ፊልሙ 39 ክፍሎች አሉት። በጃፓን ኤንኤችኬ ከ1982 እስከ 1983 "የፀሐይ ልጅ ኤስቴባን" በሚል ርእስ ታየ። በ1983 በፈረንሳይ፣ በ1986 ደግሞ በእንግሊዝ ቢቢሲ ቀረበ። ያኔ ከትምህርት ቤት መልስ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጡ የነበሩ ልጆች ዛሬ አብዛኞቹ በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ወላጆች ናቸው።

ዘመኑ 1532 ነው። ኤስቴባን በስፔኗ ባርሴሎና ከተማ በካህን እጅ ያደገ ወላጅ አልባ ልጅ ሲሆን፣ ፀሐይን ከደመና ውስጥ የማውጣት ኃይል እንዳለው ይታመናል። ካህኑ በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ የተወለደበትን ምስጢር ይነግሩታል፤ በሕፃንነቱ ሜንዶዛ የተባለ መርከበኛ ከባሕር ማዕበል አውጥቶ አድኖታል። ኤስቴባን የአባቱን ፈለግ ፍለጋ ከሜንዶዛ ጋር ወደ አዲሱ ዓለም በሚሄድ መርከብ ላይ በስውር ይሳፈራል። በመርከቡ ውስጥ ዚያ የተባለች የኢንካ ልጅ ተደብቃ ያገኛል። ቆይቶም ታኦ የተባለ ልጅ ይቀላቀላቸዋል፤ እርሱ ከባሕር በታች ሰጠመ የሚባል የጥንት ሥልጣኔ የመጨረሻ ዘር ነው። ሦስቱ ልጆች ሰባቱን የወርቅ ከተሞች ፍለጋ ይጓዛሉ። በመንገዳቸው በፀሐይ ኃይል የሚሄድ መርከብና የሚበርር የወርቅ ኮንዶር አሞራ ያገኛሉ።

እያንዳንዱ ክፍል ሲያበቃ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ዘጋቢ ፊልም ይከተል ነበር። ዘጋቢው ስለ ኢንካ፣ ስለ ማያና ስለ ሌሎች የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ታሪክና አኗኗር ያስረዳል። ብዙ ልጆች የማቹ ፒቹን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚህ ፊልም ነው።

ሰዎች ለምን ይደግሙታል?

መጨረሻውን አስቀድሞ የሚያውቁትን ታሪክ መልሶ ማየት ከውጭ ሲታይ ትርጉም የሌለው ይመስላል። ክሪስቴል ራስልና ሲድኒ ሌቪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካና በኒው ዚላንድ የሚኖሩ ሰዎችን መጽሐፍ ለምን ደግመው እንደሚያነቡ፣ ፊልም ለምን ደግመው እንደሚያዩ፣ ቦታ ለምን ደግመው እንደሚጎበኙ ጠየቁ። ያገኙት መልስ ስንፍና ወይም ልማድ ብቻ አልነበረም። ሰዎች ወደቀድሞው የሚመለሱት ከዚያን ጊዜ ወዲህ በራሳቸው ላይ ምን እንደተለወጠ ለመመርመር ጭምር መሆኑን ጥናቱ ያስረዳል። ታሪኩ ስለሚታወቅ አእምሮ "ቀጥሎ ምን ይመጣል" ከሚል ጭንቀት ነጻ ይሆንና ዝርዝሩን ለማየት ጊዜ ያገኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ የማስታወስ ጠባይ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 ባሳተመው ሥራው፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን አስነብቦ ከጊዜ በኋላ እንዲደግሙት አደረገ። አንባቢዎቹ ተረቱን እንዳለ አልመለሱትም። እንግዳ የሆነባቸውን ጣሉ፤ ያልገባቸውን በሚያውቁት ተኩ፤ የሕዝቡን ታንኳ ሳይቀር የራሳቸው አገር ጀልባ አደረጉት። ባርትሌት ከዚህ ተነሥቶ ማስታወስ ከጎተራ እህል እንደ መጫር አይደለም፣ በየጊዜው አዲስ ሥራ ነው ሲል ደመደመ።

ስለዚህ አንድ አዋቂ በልቡ ይዞት የኖረው የልጅነት ፊልም በማህደር ከተቀመጠው ፊልም ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። በትዝታ ውስጥ ኮንዶሩ ሁልጊዜ ይበርራል፤ ሙዚቃው ሁልጊዜ ይሰማል። በእውነተኛው ፊልም ግን ኮንዶሩ የሚነሣው ብዙ ክፍሎች ካለፉ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ረጅም የእግር ጉዞ፣ ረኃብና እስር አለ። ትዝታ ከአራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያ የሆነው ያለ ነገር አይደለም፤ ያለፈውን እንደነበረ አይመልሰውም፣ በራሱ ዜማ ያዜመዋል።

ልጅ ያላየው፣ አዋቂ የሚያየው

የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ፊልም ሲያይ የሚከተለው ኤስቴባንን ነው፤ መርከብ፣ ምስጢራዊ በር፣ የሚበርር ወርቅ ያያል። የአርባ አምስት ዓመት ሰው ሲያየው ዓይኑ ወደ ዚያ ይዞራል። ዚያ ገና በሕፃንነቷ ከአባቷ እጅ ተነጥቃ፣ ለስፔን ንግሥት ስጦታ ሆና የተወሰደች ልጅ ናት። ለልጁ ተመልካች ይህ የጀብዱ መነሻ ነበር። ልጅ ላሳደገ ሰው ግን አንዲት ሕፃን እንደ ዕቃ መሰጠቷ ከታሪኩ ሁሉ የሚከብደው ነገር ይሆናል።

ስፔናውያኑ ዚያን የሚያሳድዷት ኪፑ ማንበብ ስለምትችል ነው። ኪፑ ኢንካዎች ቁጥርና መረጃ የሚመዘግቡበት በገመድ ላይ የሚቋጠር ቋጠሮ ነው። በፊልሙ ውስጥ የወርቅ ከተማን መንገድ የሚያመለክት የወርቅ ኪፑ አለ። በእውነተኛው ታሪክ ኪፑ በዋነኛነት የሚያገለግለው ለሕዝብ ቆጠራ፣ ለግብርና በጎተራ ላለ እህል መቆጣጠሪያ ነበር። ልጅ ምስጢራዊ ካርታ ባየበት ገመድ ላይ፣ የገጠር ኑሮን የሚያውቅ አዋቂ የእህል መዝገብን ያያል።

ሜንዶዛም እንዲሁ ይለወጣል። በልጅ ዓይን ሜንዶዛ ጀግና ነው፤ ሰይፍ ይመዝዛል፣ ልጆቹን ደጋግሞ ያድናል። አዋቂው ግን ሜንዶዛ ወርቅ እንደሚሻ፣ ልጆቹንም የሚጠብቃቸው ወደ ወርቁ የሚያደርሱት እነርሱ ስለሆኑ ጭምር መሆኑን ያስተውላል። ሰውየው ክፉም ደግም አይደለም፤ ፍቅሩና ጥቅሙ የተቀላቀለበት ሰው ነው። ከልጅነት የቀረ ጀግናን እንዲህ ማጣት ያሳዝናል። በምትኩ የሚገኘው ሜንዶዛ ግን አዋቂ በየዕለቱ ለሚያገኛቸው ሰዎች ይበልጥ ይቀርባል።

አብረውት የሚጓዙት ሳንቾና ፔድሮ ደግሞ የቀልድ ሚና የተሰጣቸው ናቸው። ሳንቾ ሲናገር ይንተባተባል፤ በዚያ ዘመን ልጆች ይስቁበት ነበር። ዛሬ መልሶ የሚያይ ሰው፣ በተለይ እንዲህ ያለ ልጅ በቤቱ ያለው ወላጅ፣ በዚያ ቦታ ሳቁ ይቆማል።

በ1532 የሆነው

የፊልሙ መነሻ አሜሪካዊው ደራሲ ስኮት ኦዴል በ1966 ያሳተመው "የንጉሡ አንድ አምስተኛ" የተሰኘ ልብ ወለድ ነው። ርእሱ የተወሰደው ከስፔን ሕግ ነው፤ በአሜሪካ ምድር ከተገኘ ውድ ሀብት ከአምስት እጅ አንዱ ለዘውዱ ይገባ ነበር። የመጽሐፉ ኤስቴባን ፀሐይን የሚያዝ ሕፃን አይደለም፤ ይህን ግብር አልከፈለም ተብሎ በእስር ቤት ፍርድ የሚጠብቅ ወጣት ካርታ ሠሪ ነው። የፊልሙ ሠሪዎች ስሞቹንና የወርቅ ከተማውን ሐሳብ ወስደው ታሪኩን ለልጆች አበሩት።

ፊልሙ የመረጠው ዓመት ግን በእውነተኛው ታሪክ ውስጥ ከባድ ዓመት ነው። ከስፔናውያን ቀድሞ የደረሰ ወረርሽኝ የኢንካን ምድር መትቶ ነበር፤ ንጉሡ ዋይና ካፓክ ከሞቱ በኋላም ልጆቻቸው ዋስካርና አታዋልፓ በዙፋን ይገባኛል ጦር ተማዘዙ። ፍራንሲስኮ ፒዛሮ 168 ያህል ሰዎችን ይዞ ኅዳር 16 ቀን 1532 በካሃማርካ ከተማ አታዋልፓን በድንገት ማረከ። አታዋልፓ ነጻነቱን ለመግዛት አንድ ክፍል አንድ ጊዜ በወርቅ፣ ሁለት ጊዜ በብር ሊያስሞላ ቃል ገባ። ሀብቱ ከየአቅጣጫው ቢመጣም በ1533 ከመገደል አልዳነም። በዘመናት ጥበብ የተሠሩት የወርቅ ዕቃዎች እሳት ገብተው ቀለጡ፤ ጥፍጥፍ ሆነው ተመዘኑ፤ የንጉሡ አንድ አምስተኛም ተለየ።

ፒዛሮ በፊልሙ ውስጥ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይመጣል። የዚያም ታሪክ መሠረት የሌለው ፈጠራ ብቻ አይደለም። ፒዛሮ ከድሉ ቀደም ብሎ ወደ ስፔን ሲመለስ ከአካባቢው ሰዎችንና ላማዎችን ወስዶ ለንጉሡ አሳይቷል፤ ከተወሰዱት ወጣቶች መካከል ስፓንኛ ተምረው አስተርጓሚ የሆኑ ነበሩ። ልጁ ተመልካች ያላወቀውን፣ አዋቂው በሥዕሉ ጀርባ ያነብበዋል።

ከወርቁ ጀርባ ያለው ማሳ

ስፔናውያን በአንዲስ ተራሮች ወርቅ ሲፈልጉ በእግራቸው የረገጡት ሌላ ሀብት ነበር። የኢንካ መንግሥት ብረት፣ መንኮራኩርና የሚጋልቡት ከብት አልነበረውም። ሆኖም 30 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚደርስ የመንገድ መረብ ዘርግቶ፣ በተዋረድ በተገነቡ ጎተራዎች እህል አከማችቶ፣ በድርቅና በውርጭ ዘመን ሕዝቡን ይመግብ ነበር። የዚህ ሁሉ መሠረት እርሻ ነው።

ለኢትዮጵያ ገበሬ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። አንዲስ እንደ ኢትዮጵያ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ አለው። በቆላው ኮካና ቃሪያ፣ በመካከለኛው በቆሎ፣ ከዚያ በላይ ድንች፣ ከሁሉ በላይ ባለው ቀዝቃዛ ግጦሽ ደግሞ ላማ ይገኛል። አንድ ማኅበረሰብ በተለያየ ከፍታ ላይ ማሳ ይይዛል፤ አንዱ ቢመታ ሌላው ይተርፋል። በፊልሙ ልጆቹ ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ተራራ ሲወጡ፣ በአንድ ጉዞ እነዚህን የአየር ንብረት ቀጠናዎች ሁሉ ያቋርጣሉ።

ቀጥ ባለው ተዳፋት ላይ የተሠራው የድንጋይ እርከንም ዝም ብሎ የተደረደረ ካብ አይደለም። ከሥር ጠጠር፣ በላዩ አሸዋ፣ ከሁሉ በላይ ለም አፈር ይደረጋል፤ ትርፍ ውኃ ሳይተኛ ይወርዳል፤ አፈሩ ግን አይታጠብም። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት እየለቀቀ ቡቃያውን ከውርጭ ይጠብቃል። በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውን የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ከሥራው ጀርባ ያለውን ድካም ለመገመት አይቸገርም።

የድንች ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ድንች በአንዲስ ምድር፣ በቲቲካካ ሐይቅ አካባቢ፣ ከሺዎች ዓመታት በፊት ከዱር የተላመደ ሰብል ነው። ድንች ከቆየ ይበሰብሳል። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ጠላት የሆነውን ውርጭ ወደ ወዳጅነት ለወጡት፤ ድንቹን ሌሊት ሜዳ ላይ አስጥተው በረዶ ያስመቱታል፤ ጠዋት በእግር ረግጠው ውኃውን ያወጡታል፤ ቀን በፀሐይ ያደርቁታል። ይህ በተከታታይ ቀናት ሲደጋገም ቹኞ የሚባል፣ ቀላልና ለዓመታት የማይበላሽ ደረቅ ምግብ ይሆናል። በኢትዮጵያ በሶና ድርቆሽ የመንገደኛ ስንቅ እንደሆኑ ሁሉ፣ ቹኞም የወታደሩና የመንገደኛው ስንቅ ነበር። ከ1545 ወዲህ በፖቶሲ የብር ማዕድን በግዳጅ የተሰማሩት ሠራተኞች የተመገቡትም ይህንኑ ነው። ስፔንን ያበለጸገው ብር የወጣው በድንች ጉልበት ነው ማለት ይቻላል።

የጠፋ አህጉር ወይስ የገበሬ እጅ?

በዚህ ዕውቀት ፊልሙን መልሶ ያየ ሰው አንድ የሚቆረቁር ነገር ያገኛል። በታሪኩ ውስጥ ድንቅ የሆነው ነገር ሁሉ፣ በፀሐይ የሚሄደው መርከብ፣ ኮንዶሩ፣ የወርቅ ከተማው፣ የተሠራው በባሕር በሰጠመ ምናባዊ ሕዝብ ነው። የአንዲስና የማያ ሕዝቦች ቅርሱን የሚጠብቁ ዘበኞች ወይም ያልገባቸው ወራሾች ሆነው ይታያሉ። ክፉዎቹ ኦልሜኮችም በእውነተኛው ታሪክ በሜክሲኮ ባሕር ሰላጤ ከፒዛሮ ዘመን 2 ሺህ ዓመት ገደማ ቀደም ብለው ያበቡ፣ ከፊልሙ ሥዕል ጋር የማይገናኙ ሕዝብ ነበሩ።

ለልጅ ይህ ምንም አይደለም፤ የሰጠመ አህጉር ከድንች ማሳ ይልቅ ያስደስታል። ነገር ግን "ይህን ያህል ታላቅ ሥራ እነዚህ ሰዎች ሊሠሩት አይችሉም" የሚለው ሐሳብ ከጨዋታ ዓለም ወጥቶ ወደ ታሪክ መጻሕፍትም የገባ ነው። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የውጭ አገር ሰዎች እጅ ሥራ ናቸው ብለው የጻፉ የውጭ ጸሐፊዎች እንደነበሩ የአማራ ክልል ነዋሪ ያውቃል። የአንዱ ሕዝብ ጥበብ ለማይታወቅ እንግዳ ሲሰጥ፣ የጠፋው የዚያ ሕዝብ አናጺ፣ ጠራቢና ገበሬ ስም ነው።

ይህ ትችት ፊልሙን ለመጣል አይበቃም። በየክፍሉ መጨረሻ የሚቀርበው ዘጋቢ ፊልም የቀረውን ለመካስ የተደረገ ጥረት ነው፤ ልጁ ከተረት ወደ እውነት የሚሻገርበት ድልድይ ነበር። ታሪኩም ቢሆን የቆመው በወርቅ ፈላጊዎቹ ወገን አይደለም። የወርቅ ከተማው ታላቅ ቅርስ ወርቁ ሳይሆን የጥንት ሰዎች ዕውቀትና ኃይል ሆኖ ይገኛል፤ ያም ኃይል በእጁ ያልበሰለ ሰው ከያዘው የሚያጠፋ ነው። ልጆቹም በመጨረሻ በኮንዶሩ ተሳፍረው ሌሎቹን ከተሞች ፍለጋ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ወደ ምዕራብ ይበርራሉ። ታሪኩ በዚያ ተቋርጦ ለዓመታት ቆይቶ ተከታዩ ምዕራፍ በ2012 መታየት ጀመረ። ይህን ተከታይ አባቶችና እናቶች ከልጆቻቸው ጋር አብረው ሊያዩት ችለዋል።

የባሕር ማሽላ

ከአሜሪካ የወጣው ወርቅ አብዛኛው ቀልጦ፣ ተመንዝሮ፣ በጦርነት ወጪ አልቋል። ከዚያው ምድር የወጣው ዘር ግን ዛሬም በየዓመቱ ይበቅላል። ድንች፣ በቆሎ፣ በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ቦሎቄና የቁልቋል በለስ ሁሉም የአሜሪካ ምድር ተወላጆች ናቸው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የነበረች ኢትዮጵያዊት እናት ወጧን የምትሠራው ያለ በርበሬ ነበር ማለት ነው። በቆሎ በአንዳንድ አካባቢ "የባሕር ማሽላ" መባሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ እንደነበር ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ዛሬ በቆሎ በኢትዮጵያ በምርት መጠን ከሰብሎች ሁሉ ቀዳሚ ነው። ድንችን ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በሰሜን ኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የኖረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር መሆኑና ዘመኑም 1858 እንደነበር ይጠቀሳል።

ዘሩ ሲጓዝ ዕውቀቱ አብሮ አለመጓዙ ያስከተለውን ጉዳት የአየርላንድ ታሪክ ያሳያል። የአንዲስ ገበሬ በአንድ ማሳ ብዙ ዓይነት ድንች ቀላቅሎ ይተክላል፤ አንዱ በበሽታ ቢጠቃ ሌላው ይቋቋማል። የአየርላንድ ድሆች ግን ኑሯቸውን በአንድ ዝርያ ላይ ጥለው ነበር። ከ1845 ጀምሮ ቅጠልና ግንዱን አጥቁሮ ሥሩን የሚያበሰብስ በሽታ ሲገባ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የማያንስ ሕዝብም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በሽታው ዛሬም በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በክረምት ዝናብ የድንች አምራቹ ስጋት ነው።

መፍትሔውም ከዚያው ከምንጩ ምድር ይመጣል። በ1971 በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል የአንዲስ ገበሬዎች ያቆዩአቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ የድንች ዓይነቶች ሰብስቦ ይጠብቃል። በኢትዮጵያ ገበሬዎች ዘንድ የሚታወቁት ጉደኔና በለጠ የተሰኙ ዝርያዎች ከዚህ ማዕከል በመጣ ዘር ላይ በተደረገ ምርምር የተለቀቁ ናቸው። በፊልሙ ልጆቹ የሚፈልጉት የጥንት ሰዎች ቅርስ በእውነተኛው ዓለም የት እንዳለ ለሚጠይቅ ሰው፣ አንዱ መልስ ይህ የዘር ክምችት ነው።

ከልጆች ጋር እንዴት ይታይ?

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ዘመን ልጅነታቸውን ያሳለፉ ሰዎች ለዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲተርኩ የኖሩትን አባባ ተስፋዬን ያስታውሳሉ። አባባ ተስፋዬ ተረታቸውን ሲጨርሱ ልጆቹ ከተረቱ ምን እንደተማሩ የመጠየቅ ልማድ ነበራቸው። ይህ ቀላል ልማድ ለማንኛውም የልጅነት ፊልም ይሠራል።

ወላጅ ራሱ ያደገበትን ፊልም ለልጁ ሲያሳይ ሁለት ፈተና ያጋጥመዋል። የመጀመሪያው የራሱን ደስታ ከልጁ መጠበቅ ነው። የዛሬው ልጅ በፈጣን ምስል የለመደ በመሆኑ የ1980ዎቹን ዝግ ያለ አተራረክ ላይወድ ይችላል፤ ይህ የወላጁን ትዝታ መናቅ አይደለም። በአንድ ቀን ብዙ ክፍሎችን ከማከታተል ይልቅ እንደ ቀድሞው አንድ አንድ ክፍል ማሳየትና እስከሚቀጥለው ማስናፈቅ ይረዳል። ፊልሙ የተሠራው ለመጠበቅ ነውና ያለ ጥበቃ ሲታይ ጣዕሙ ይጎድላል።

ሁለተኛው ፈተና አዋቂው ያየውን ክፉ ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ በልጁ ላይ መጫን ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ስለ ካሃማርካ እልቂት ሙሉ ትንታኔ አያስፈልገውም። "ዚያ ቤቷን የምትናፍቅ ይመስልሃል?"፣ "ሜንዶዛ ወርቅ ባይኖር ኖሮ ልጆቹን ያድናቸው ነበር?"፣ "እርከኑን የሠራው ማን ነው?" የሚሉ ጥያቄዎች ይበቃሉ። መልሱን ዛሬ ባያገኘው፣ ፊልሙን አንድ ቀን ራሱ ሲደግመው ያገኘዋል።

ከፊልሙ በኋላ እራት ላይ የድንች ወጥ ካለ ደግሞ ጨዋታው በቀላሉ ይቀጥላል። የበርበሬውን፣ የቲማቲሙንና የድንቹን መነሻ በካርታ ላይ ማሳየት ለልጁ ከወርቅ ከተማው የማይተናነስ ጀብዱ ነው፤ እነዚህ ሰብሎች ውቅያኖስ ተሻግረው፣ እጅ በእጅ ተላልፈው ደጋውና ወይና ደጋው ድረስ የደረሱት ስማቸው ባልተመዘገበ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎችና እናቶች ነውና።